ኮኔክሽን ማን ይቁጠርልን? ኮንሊሚት፣ የኤንኤፍቴብልስ ካውንት፣ ሃሽሊሚት ወይስ ፕሮክሲው

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ደወለና "ሰርቨሩ እየሞተብኝ ነው፣ ሲፒዩው ሞልቷል፣ ግን ቶፕ ላይ ሳየው የበላው ፕሮሰስ የለም" አለኝ። እንደዚ ሲባል እኔ ቀጥታ ማስበው ከርነሉን (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ነው፣ እና የፋየርዎል ሩሎችህን ላክልኝ አልኩት። ላከ። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል፦ ኮንሊሚት (በአንዴ ክፍት ሚሆኑ ኮኔክሽኖችን ቆጥሮ ሚገድብ የፋየርዎል ሩል)፣ ማስኩ ዜሮ (አይፒ ሳትለይ ሁሉንም በአንድ ላይ ቁጠር ማለት ነው)፣ ሊሚቱ 40 ሺ፣ "አዲስ ኮኔክሽን ሲሆን ብቻ" ሚል ነገር ከፊቱ የለም፣ ከርነሉ ደሞ አሮጌ። ማለት እያንዳንዷ ፓኬት ስትገባ ከርነሉ ስንት ሺ ኮኔክሽን ያለበትን ዝርዝር ይዞ ከላይ ወደታች መውረድ ይጀምራል። እሱ ምስኪን ሰርቨሩን ሊጠብቅ ብሎ ነው ያስገባው፣ ዘበኛው ነው ቤቱን የዘረፈው።

ከዛ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ሁለት ሶስት ሰው ስለጠየቀኝ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ልጻፍ አልኩ። ሊኑክስ ላይ ነው ማተኩረው፣ እዛ የፋየርዎል ሩል ሚጻፈው በአይፒቴብልስ ወይ በተተኪው በኤንኤፍቴብልስ ነው፣ ስለ ፒኤፍ (የኦፕንቢኤስዲ ፋየርዎል) መሃል ላይ ትንሽ አወራለሁ።

ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፣ ሰው ግን ሁሌ ያደባልቃቸዋል። አንዱ "አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ከዚ አይፒ ስንት ኮኔክሽን ክፍት ነው?" ሚለው ነው። ሌላው "ከዚ አይፒ በሴኮንድ ስንት አዲስ ኮኔክሽን እየመጣ ነው?" ሚለው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ አንድ ቁጥርና አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የመጀመሪያው ግን ውድ ነው ምክንያቱም ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንደወጣም ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ይሄን ለራሳችሁ መልሱ፣ ብዙ ጊዜ "ኮንሊሚት እፈልጋለሁ" ሚለኝ ሰው ሲጠየቅ ሚፈልገው ሁለተኛውን ሆኖ ይገኛል።

ከርነሉ እንዴት ነው ሚቆጥረው

ይሄን ሳይረዱ መምረጥ አይቻልም፣ ስለዚ ታገሱኝ።

ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሁለት አይነት ረዳት አስቡ። አንደኛው ሰው ሲገባ አንድ ይጨምራል ሲወርድ አንድ ይቀንሳል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ቁጥሩ አለ፣ "ስንት ሰው አለ?" ስትሉት ሳይዞር ይመልሳል። ሁለተኛው ግን ቁጥር አይዝም፣ ማን እንደገባ ስም ዝርዝር ነው ሚይዘው፣ እና አዲስ ሰው በር ላይ በመጣ ቁጥር ዞሮ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ "አበበ አለህ? አለሁ፣ አልማዝ አለሽ? ዝም፣ ወርዳለች ማለት ነው ትሰረዝ" እያለ ይጠራል። የሊኑክሱ ኮንሊሚት ሁለተኛው ረዳት ነው።

ለምን ሲባል፣ ኮኔክሽኑ መሞቱን ሚያውቀው ኮንትራክ (ከርነሉ ውስጥ ኮኔክሽኖችን ሚከታተለው ክፍል) ነው፣ ቆጣሪው ደሞ ከኮንትራክ ተለይቶ የራሱን ዝርዝር የያዘ ነገር ነው። ኮንትራክ አንድ ኮኔክሽን ሲያጠፋ መጥቶ "እከሌ ወጥቷል" ብሎ አይነግረውም። ስለዚ ቆጣሪው አዲስ ኮኔክሽን ሲመጣ በዛ አይፒ ስር የመዘገባቸውን አንድ በአንድ እያነሳ ኮንትራክ ቴብል ውስጥ ይፈልጋቸዋል፣ ያጣቸውን ይሰርዛል፣ ታይም ዌይት (ተሰናብቶ ጥቂት መቆያ) ላይ የደረሱትንና የተዘጉትንም እንደወጡ ቆጥሮ ይሰርዛቸዋል። ጽዳቱ ላይም ገደብ አለው፣ ለብዙ አመት በአንድ ዙር ወደ 8 ገደማ የሞቱ ኮኔክሽኖችን ካጸዳ በኋላ ያቆማል ነበር፣ አንድ ፓኬት በጽዳት ምክንያት እንዳትዘገይ ነው። በዚ ምክንያት ብዙ ኮኔክሽን በአንዴ ከተዘጋ ቁጥሩ ለትንሽ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው "ከርነሉ መቁጠር አይችልም" ብሎ ይሳደባል።

ዋናው ነገር ምንድነው፣ ወጪው በአንድ ቁልፍ (ለምሳሌ በአንድ አይፒ) ስር ካለው የኮኔክሽን ብዛት ጋር አብሮ ያድጋል። በአንድ አይፒ 20 ከሆነ ሊሚቱ፣ ከርነሉ 20 ነገር ያያል፣ ምንም አይደለም። ማስኩን ዜሮ አድርጋችሁ ኢንተርኔቱን በሙሉ እንደ አንድ ሰው ከቆጠራችሁ ግን ያ ዝርዝር 40 ሺ ነው። በመድረሻ አድራሻ መቁጠርም አንድ ሰርቨር ካላችሁ ያው ማስክ ዜሮ ማለት ነው፣ ስሙ ነው የተለየው።

የስሪት ጉዳይ ቀላል እንዳይመስላችሁ

ኮንሊሚት ዋናው ከርነል ውስጥ የገባው በ2.6.23 ነው፣ 2007 ላይ፣ ከዛ በፊት ከርነሉ ላይ በፓች እየተለጠፈ ነበር ሚሰራው። ያኔ አሰራሩ 256 መደርደሪያ ያለው ሃሽ (ነገሮችን በስሌት በየመደርደሪያው ሚያከፋፍል ማከማቻ) ነበር፣ መደርደሪያው ላይ ግን አይፒዎቹ ሳይለዩ የሁሉም ኮኔክሽን ተደባልቆ በአንድ ረጅም ሊስት ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ደሞ አንድ ሎክ (በአንዴ አንድ ኮር ብቻ ሚያስገባ በር)። ስለዚ የናንተ ትንሽ ሊሚት ያላት አይፒ ከአንድ ቀበኛ አይፒ ጋር አንድ መደርደሪያ ከደረሳት የሱን ሁሉ ዝርዝር አብራ ታያለች፣ 16 ኮር ያለው ማሽን ገዝታችሁም ኮሮቹ አንዷ ሎክ ጋ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

2014 ላይ ፍሎሪያን ቬስትፋል ሚባል የከርነል ገንቢ ይሄን ገለበጠው። መደርደሪያው ውስጥ በአይፒ ሚፈለግ ትሪ (ሁሉንም ሳያዩ ሚፈልጉበት የዛፍ አደራደር) ተደረገ፣ ሎኩ ተከፋፈለ፣ በ3.15 ወጣ። በዛው ስሪት ዬስፐር ብራወር የኮንትራክን ማዕከላዊ ሎክ አንስቶታል፣ ስለዚ 3.15 ለዚ ስራ ትልቅ መስመር ነው፣ ከሱ በታች ያለና ከሱ በላይ ያለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው በሉት። 4.16 ላይ የመቁጠሪያው ሞተር ከአይፒቴብልስ ሞጁል ተነጥሎ ኮንካውንት ሚባል ለብቻው የቆመ ነገር ሆነ፣ 4.18 ላይ ኤንኤፍቴብልስና ኦፕን ቪስዊች (በሶፍትዌር የተሰራ ስዊች) በሱ መቁጠር ጀመሩ። 5.19 ላይ ደሞ ትንሽ ግን ብልጥ ማሻሻያ ገባ፦ በዚችው የከርነል ቲክ ውስጥ ያ ዝርዝር አንዴ ከተጸዳ ድጋሚ አይወረድበትም። የከርነሉ ሰዓት 250 ኸርትዝ ከሆነ አንድ ቲክ 4 ሚሊሴኮንድ ነው፣ በዛች ውስጥ 100 አዲስ ኮኔክሽን ቢመጣ ሙሉውን ጥሪ ሚያደርገው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ረዳቱ "አሁን እኮ ጠርቻለሁ ግባ ዝም ብለህ" እንዳለ ቁጠሩት።

ስለዚ ማንኛውንም ነገር ከማስተካከላችሁ በፊት ዩኔም ብላችሁ ከርነላችሁን እዩ። ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያላችሁ (አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ድጋፉ ሰኔ 2024 በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያልቅም አላችሁ) ከርነሉ 3.10 ነው፣ ሬድሃት ከአዲስ ስሪት ወደኋላ ሚያመጣቸው ፓቾች ስላሉ በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ፣ ግን አትመኑትም።

አይፒቴብልስ ኮንሊሚት ወይስ የኤንኤፍቴብልስ ካውንት

ሁለቱም ከውስጥ አንድ ሞተር ነው ሚጠቀሙት፣ ከ4.18 በኋላ "ኤንኤፍቲ ፈጣን ነው" ብሎ በደፈናው ሚነግራችሁን ሰው አትስሙት። ልዩነቱ ቁልፉን ማን ይይዛል ሚለው ላይ ነው። አይፒቴብልስ ላይ እያንዳንዱ የኮንሊሚት ሩል የራሱ 256 መደርደሪያ አለው፣ ቁጥሩ አያድግም፣ መቶ ሺ የተለያየ አይፒ ከመጣ በየመደርደሪያው ያለው ትሪ ይወፍራል እንጂ መደርደሪያ አይጨመርም። ኤንኤፍቴብልስ ላይ ግን ዳይናሚክ ሴት (ፓኬት ሲመጣ ራሱ ሚሞላ ስብስብ) ትፈጥራላችሁ፣ ቁልፉ አይፒው ነው፣ እያንዳንዱ ኤለመንት የራሱን ትንሽ ዝርዝር ይይዛል፣ ሴቱ ደሞ እንደብዛቱ ራሱን ሚያሰፋ ሃሽ ነው። ብዙ አይነት አይፒ ሚመጣበት ቦታ ላይ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

እኔን ግን ያሸነፈኝ ፍጥነቱ አይደለም፣ ማየት መቻሉ ነው። ሴቱን ሊስት በሉት፣ ማን ማን ውስጥ እንዳለ ይታያችኋል። አይፒቴብልስ ኮንሊሚት ላይ የትኛው አይፒ ስንት እንደያዘ ሚያሳይ ፋይል ራሱ የለም፣ ኮንትራክ ቴብሉን አውጥታችሁ በሶርትና በዩኒክ መቁጠር አለባችሁ፣ እና ተጠቃሚ ስልክ ላይ እየጮኸባችሁ ያንን ማድረግ አያምርም።

ኤንኤፍቲ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ለሴቱ መጠን ካልሰጣችሁት 65535 ኤለመንት ላይ ይቆማል፣ ከሞላ በኋላ አዲስ አይፒ ማስገባት አይችልም፣ ማስገባት ሲያቅተው ሩሉ "አልገጠመም" ይባልና ፓኬቷ ወደ ቀጣዩ ሩል ታልፋለች፣ ማለትም ሊሚታችሁ በጣም በተፈለገበት ሰዓት ዝም ብሎ ክፍት ይሆናል። ሁለተኛው፣ ካውንቱን ያለ ሴት በባዶው ከጻፋችሁት በአይፒ ሳይሆን ሩሉን የነካውን ሁሉ በአንድ ላይ ነው ሚቆጥረው፣ የጓደኛዬ ማስክ ዜሮ በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው። ኤለመንቶቹ ላይ ታይምአውት ስለማድረግ ግን አትጨነቁ፣ ኮኔክሽኑ ሲያልቅ ራሱ ያጸዳቸዋል።

ዴቢያን 10 እና ከዛ በላይ ያላችሁ ሰዎች ደሞ አይፒቴብልስ ብላችሁ ብትጽፉም ከስር በኤንኤፍቴብልስ በኩል ነው ሚሄደው፣ ነገር ግን ኮንሊሚቱ ያው የድሮው ሞጁል ነው፣ ትዕዛዙ ስለተቀየረ ቆጠራው የተቀየረ እንዳይመስላችሁ።

በሁለቱም ላይ ግን ከምርጫው በላይ ሚያመጣው የሩሉ ቦታ ነው። ቼይኑ (የሩሎቹ ሰንሰለት) አናት ላይ "ኢስታብሊሽድና ሪሌትድ ከሆነ ይለፍ" ሚለው (ቀድሞ የተከፈተ ወይ ከሱ ጋር የተያያዘ ማለት ነው) ይቀመጥ፣ ቆጣሪው ከሱ በታች፣ እሱም "ኒው ከሆነ" ተብሎ፣ እሱም ለምትፈልጉት ፖርት ብቻ። አንድ ሰው 50 ሜጋ ፋይል ሲያወርድ በአስር ሺዎች ሚቆጠር ፓኬት ይመላለሳል፣ ኮኔክሽኑ ግን አንድ ነው፣ አንዴ መቆጠር ያለበትን ነገር በየፓኬቱ ልትቆጥሩት ነው? የጓደኛዬ ሲፒዩ በዚች ብቻ ነው ግማሽ ነፍሱ የተመለሰችው፣ ሌላ ምንም ሳንነካ።

አንድ ተጨማሪ፣ ከሊሚት በላይ የሆነውን ድሮፕ (ዝም ብሎ መጣል) ነው ሪጀክት (እምቢ ብሎ መመለስ) ሚሻለው? ብዙ ሰው ድሮፕ ይላል፣ "ለሌባ መልስ አይሰጥም" በሚል። ግን እዚ ሚመጣው ሌባ ብቻ አይደለም፣ ትክክለኛ ተጠቃሚም ነው፣ እና ድሮፕ ሲደረግበት የሱ ማሽን አላወቀም፣ ሲን (ኮኔክሽን መክፈቻ ፓኬት) ደጋግሞ ይልካል፣ ሊኑክስ ክላየንት በነባሪው ቢያንስ 6 ጊዜ ደግሞ ነው ተስፋ ሚቆርጠው፣ 2 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እያንዳንዱ ድጋሚ ሙከራ እናንተ ጋ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በቲሲፒ ሪሴት ሪጀክት ብታደርጉት እዛው ያበቃል። ስለዚ ለኮኔክሽን ሊሚት እኔ ሪጀክት ነኝ።

ሃሽሊሚት፣ ፍጥነት ብቻ ከሆነ ሚያሳስባችሁ

ሃሽሊሚት ማን እንደወጣ አይገደውም። ለእያንዳንዱ አይፒ አንድ ባልዲ ይይዛል፣ ባልዲው በተወሰነ ፍጥነት ይሞላል፣ ኮኔክሽን ሲመጣ አንድ ጭልፋ ይቀዳል፣ ከደረቀ ጠብቅ። ዝርዝር የለም፣ ጥሪ የለም፣ አይፒው 5 ኮኔክሽን ይኑረው 5 ሺ ወጪው አንድ ነው። ኮንትራክም አያስፈልገውም፣ ሮው ቴብል ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ማለትም ኮንትራክ ገና ሳይነካው መጣል ይቻላል። ነባሪው በርስት (ከሙሉ ባልዲ በአንዴ ሚቀዳው) 5 ነው፣ ብራውዘር አንድ ገጽ ሲከፍት ብዙ ኮኔክሽን በአንዴ ስለሚከፍት ለዌብ ይቺ ታንሳለች፣ ከፍ አድርጉት።

ሚያቅተው ነገር ግልጽ ነው፣ ቀስ ብሎ እየመጣ ሚከማች ሰውን አያይም። በደቂቃ አንድ ኮኔክሽን ከፍቶ ሳይዘጋ ቁጭ ሚል ካለ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መቶዎችን ይዞባችኋል፣ ሃሽሊሚት ደሞ "ጨዋ ልጅ ነው" እያለ ያሳልፈዋል።

ሪሰንት ሚባለውን ሞጁል ሚጠቀሙ አሁንም አሉ፣ በተለይ ለኤስኤስኤች። ነባሪው ሚያስታውሰው 100 አድራሻ ብቻ ነው፣ 101ኛው ሲመጣ አሮጌውን ይረሳል፣ ቦትኔት ለመጣበት ሰርቨር 100 ምን ትሰራለች። ለቤት ሰርቨር ይሁን፣ ከዛ በላይ አልመክርም።

ፕሮክሲው ወይም ሰርቪሱ ራሱ ይቁጠር

ያ የመጀመሪያው ረዳት ትዝ ይላችኋል፣ ቁጥሩን ጭንቅላቱ ውስጥ ሚይዘው? እሱ ያለው እዚ ነው። ኤችኤፕሮክሲ (ከሰርቨሩ ፊት ቆሞ ኮኔክሽን ተቀብሎ ሚያስተላልፍ ፕሮክሲ) ኮኔክሽኑን የከፈተውም ሚዘጋውም ራሱ ስለሆነ ስቲክ ቴብሉ (የቁጥር ማስታወሻው) ላይ ሲገባ ይጨምራል ሲወጣ ይቀንሳል፣ መጥራት አያስፈልገውም። ስለዚ "በጠቅላላ ከ40 ሺ በላይ አይግባ" ሚለው ነገር ቦታው እዚ ነው፣ ማክስኮን ሚባለው መቼት ላይ፣ ፋየርዎል ላይ በፍጹም አይደለም። ከሊሚት በላይ የመጣውን ደሞ ወረፋ ላይ ያቆየዋል፣ ፋየርዎል ወረፋ አያውቅም፣ ወይ ግባ ወይ ጥፋ ነው።

ኤንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨርና ፕሮክሲ) ሊሚት ኮን ሚባል አለው፣ ሜሞሪው ርካሽ ነው፣ 1 ሜጋባይት ዞን ውስጥ 64 ባይት ሚይዙ 16 ሺ ገደማ አድራሻዎች ይገባሉ፣ 64 ቢት ማሽን ላይ ሁሉም 64 ባይት ነው ሚይዙት። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኤንጂንኤክስ ኮኔክሽን ብሎ ሚቆጥረው የሪኩዌስቱን ሄደር በሙሉ አንብቦ ከጨረሰና መስራት ከጀመረ በኋላ ነው። 2009 ላይ የወጣው ስሎውሎሪስ ሚባለው ጥቃት ምን ነበር ሚያደርገው? ሄደሩን በጠብታ እየላከ በጭራሽ አይጨርስም። ስለዚ እሱ በዚ ሊሚት አይቆጠርም። ለዛ ሄደር ታይምአውቱን ማሳጠር አለባችሁ፣ ወይ ደሞ ኮንሊሚት እዚ ጋ ነው እውነተኛ ስራው፣ ከርነሉ ሄደር ተጨረሰ አልተጨረሰ አይገደውም፣ ክፍት ከሆነ ክፍት ነው። ኤችቲቲፒ 2 ላይ ደሞ በተቃራኒው ኤንጂንኤክስ በአንድ ኮኔክሽን ውስጥ በአንዴ የመጡ ሪኩዌስቶችን እያንዳንዱን እንደ ኮኔክሽን ይቆጥራል፣ "10 አልኩት፣ አንድ ሰው ገጽ ከፍቶ 503 (አገልግሎት የለም ሚል ስህተት) መጣበት" ብሎ ሚገረም ካለ መልሱ ይሄ ነው።

ለኤስኤስኤች ፋየርዎል ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ኦፕንኤስኤስኤችን ራሱን እዩት። ማክስስታርትአፕስ ሚለው ነባሪው 10፣ 30፣ 100 ነው፣ ሎጊን ያላደረጉ 10 ሲሆኑ ከመቶ 30 እድል እየጣለ ይጀምራል፣ 100 ላይ ሁሉንም ይጥላል። ከ8.5 ጀምሮ ይሄንኑ በየአይፒው መገደብ ይቻላል፣ ኔትወርክ ብሎክ መስጠትም ይቻላል፣ 9.8 ላይ ደሞ ደጋግሞ ሚሳሳተውን አይፒ ለጊዜው ሚቀጣ ነገር ጨመሩ። ለአብዛኛው ሰው ይሄ ይበቃል፣ በቃ።

ፒኤፍ ላይ ያላችሁ፣ ኦፕንቢኤስዲ ወይ ፒኤፍሴንስ፣ እናንተ እድለኞች ናችሁ። የፒኤፍ ማክስ ሶርስ ኮን ለእያንዳንዱ አይፒ ቁጥር ይዞ ስቴቱ ሲጠፋ ይቀንሳል፣ እጅ መጨባበጡን የጨረሰ ኮኔክሽን ብቻ ነው ሚቆጥረው፣ ስለዚ የውሸት አድራሻ ያለው ሲን ቁጥሩን አያቆሽሽም። በኦቨርሎድ ደሞ ያጠፋውን አይፒ ወደ ቴብል ይወረውራል፣ ካዘዛችሁት የከፈታቸውንም በሙሉ ያጸዳል። ሊኑክስ ላይ ይሄን ለማምጣት ሁለት ሶስት ሩል ማገጣጠም ነው።

ሲን ፍለድ ከሆነ ችግራችሁ

ሲን ፍለድ (የሲን ጎርፍ) ከሆነ ከላይ ያሉት አንዳቸውም መፍትሄ አይደሉም። በሲን ፍለድ ሚመጣው አድራሻ ብዙ ጊዜ ሀሰተኛ ነው፣ እያንዳንዱ አይፒ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ በአይፒ 20 ብትሉም 2 ብትሉም ማንም ሊሚቱ ላይ አይደርስም። ይባስ ብሎ ቆጣሪው ለእያንዳንዱ ሀሰተኛ አይፒ ሜሞሪ ይመድባል፣ ኮንትራክም ይሞላል፣ ከዛ ሎጉ ላይ "ቴብል ፉል፣ ድሮፒንግ ፓኬት" ሚለውን ታያላችሁ። 1996 ላይ ኒውዮርክ ያለውን ፓኒክስ ሚባል የኢንተርኔት አቅራቢ ያወረደው ጥቃት ነው ይሄ፣ በዛው አመት ነው ዳንኤል በርንስታይን የሲን ኩኪን (ሰርቨሩ ሜሞሪ ሳይመድብ ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ በኮድ ሚያስታውስበት ዘዴ) ሀሳብ ያመጣው፣ እና አሁንም መልሱ እሱ ነው። ሰርቨሩ ላይ ኩኪው በነባሪ በርቷል። ከፊት ያለ ፋየርዎል ከሆነ ከ3.12 ጀምሮ ያለውን ሲንፕሮክሲ ተጠቀሙ፣ እሱ ኮንትራክ ሳይነካው ይጨባበጥና እውነተኛውን ብቻ ያሳልፋል። ኤክስዲፒ (ፓኬት ገና ከኔትወርክ ካርዱ እንደገባ ሚያየው የከርነል ዘዴ) ደሞ ለመጣል ወደር የለውም፣ ለመቁጠር ግን አይሆንም፣ ገቢውን ብቻ ስለሚያይ ከእናንተ ሰርቨር ወጥቶ ሚዘጋውን አያውቅም።

የምትቆጥሩት አይፒ ሰው አይደለም

እዚ ላይ ራሴን ላጋልጥ። አንድ ጊዜ የአንድ ተቋም የምዝገባ ሳይት ላይ በአይፒ 15 ብዬ ኮንሊሚት አስገባሁ፣ ቢሮ ውስጥ ሞከርኩት፣ ሰራ፣ ኮራሁ። ምዝገባው የተከፈተ ጠዋት ግማሹ ሰው "አልገባም አለኝ" ይላል፣ ግማሹ ምንም ችግር የለውም። ሎጉን ሳይ ሚጣሉት ሁሉ ጥቂት አይፒዎች ናቸው። በሞባይል ዳታ ሚገቡት ናቸው ለካ፣ ብዙ ስልክ በአንድ የጋራ አይፒ ነው ሚወጣው። ግቢ ውስጥ ስምንት ተከራይ ኖሮ የመብራት ቆጣሪው አንድ እንደሆነው ማለት ነው፣ ቆጣሪውን ብቻ አይታችሁ "እዚ ቤት ሰው ያባክናል" ብትሉ ማንን ነው የምትቆርጡት? ለዚ አይነት መጋራት 2012 ላይ 100.64 ሚጀምረው የአድራሻ ክልል በይፋ ተመድቦለታል፣ ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያላሰብኩት።

ስለዚ ህዝብ ሚገባበት ዌብሳይት ላይ በአይፒ ሚደረገው የከርነል ሊሚት ሰፊ መሆን አለበት፣ በመቶዎች፣ ጥበቡን ወደ ፕሮክሲው ውሰዱት፣ እዛ በኩኪ ወይ በአካውንት መለየት ይቻላል። ለዳታቤዝ ፖርት፣ ለኤስኤስኤች፣ ለውስጥ ኤፒአይ ግን ሰውና አይፒ ስለሚቀራረብ ጠበቅ ያለ ሊሚት ችግር የለውም። አይፒቪ6 ላይ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ አንድ ቤት ብቻውን ስላሽ 64 (እጅግ ብዙ አድራሻ ያለው ክልል) ይሰጠዋል፣ በየነጠላ አድራሻው ብትቆጥሩ ሰውዬው በየኮኔክሽኑ አዲስ አድራሻ ለብሶ ይመጣል፣ ማስኩን 64 አድርጉት።

ሌላው ሚረሳው ታይምአውት ነው። ኮንትራክ ኢስታብሊሽድ የሆነ ኮኔክሽንን በነባሪው 432000 ሴኮንድ ነው ሚያቆየው፣ 5 ቀን! መብራት ሲጠፋ የሰውዬው ራውተር አብሮ ይሞታል፣ ደህና ሁን ሳይል ነው ሚሄደው። ሰርቪሳችሁ የራሱ ታይምአውት ከሌለው ያ የሞተ ኮኔክሽን እዛው ተቆጥሮ ይቀመጣል፣ መብራት ሲመጣ ሰውዬው ተመልሶ ሲገባ ሙታኖቹ ወንበሩን ይዘውበታል። ቀኑን ስንት ጊዜ መብራት እንደሚሄድ እናንተ ቁጠሩ። እኔ 7440 ሴኮንድ ላይ ነው ማደርገው፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ ከዛ በታች አትውረዱ ሚል የናት (ብዙ መሳሪያን በአንድ አይፒ ሚያስወጣ ዘዴ) ስታንዳርድ ስላለ ነው፣ ምክንያቱም የቲሲፒ ኪፕአላይቭ ("አለህ ወይ" ብሎ መፈተሻ) ነባሪው 2 ሰዓት ነው።

ታዲያ የቱን ልምረጥ

ከላይ ያወራሁትን ካነበባችሁ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ፕሮክሲ ካላችሁ ጠቅላላ ቁጥርና የዌብ ቁጥር ወደሱ ይሂድ። ፕሮክሲ የሌለው ሰርቪስ፣ ራሱ መቁጠር ማይችል፣ ለምሳሌ አሮጌ የሜይል ወይ የዳታቤዝ ሰርቨር ከሆነ ኤንኤፍቴብልስ ከዳይናሚክ ሴት ጋር፣ በአይፒ ትንሽ ቁጥር። ሚያስቸግራችሁ መንኳኳት ከሆነ እንጂ መከማቸት ካልሆነ ሃሽሊሚት፣ አትጨቃጨቁ። ሁለቱንም አብሮ ማድረግም ይቻላል፣ ያኔ ሃሽሊሚቱ ከላይ ቆጣሪው ከታች ይሁን፣ ርካሹ ብዙውን ከመለሰ በኋላ ውዱ ትንሽ ይቀርለታል። ማስክ ዜሮ፣ በየትኛውም መልኩ፣ አይሁን።

ቀይራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፐርፍ ቶፕ (ሲፒዩው የቱ ፈንክሽን ላይ እንደሚያልቅ ሚያሳይ መሳሪያ) ክፈቱና ስሙ ላይ ኮንካውንት ያለበት ፈንክሽን አናት ላይ ካለ ገና ትልቅ ዝርዝር አለ ማለት ነው፣ የቱ ሩል እንደሆነ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ፈልጉት። ሩሉ መስራቱን ለማየት ደሞ ከሌላ ማሽን ላይ ሆናችሁ ኮኔክሽን እየከፈታችሁ ሳትዘጉ ያዙ፣ የሩሉ ካውንተር ከሊሚቱ ቀጥሎ መጨመር መጀመር አለበት። ከሌላ ማሽን ያልኩት በምክንያት ነው፣ በኤስኤስኤች ከገባችሁበት አይፒ ከሞከራችሁት ራሳችሁን ውጪ ትቆልፋላችሁ፣ ስለዚ ከመጀመራችሁ በፊት ከ5 ደቂቃ በኋላ የድሮውን ሩል ሚመልስ ትዕዛዝ በአት ወይ በስሊፕ (ቆይቶ ማስፈጸሚያ ትዕዛዞች) አስቀምጡ፣ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ሰርዙት። ጓደኛዬ ያንን ሳያደርግ ነው የሞከረው፣ ዳታ ሴንተሩ ደሞ ከከተማ ውጪ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ይዞ ሄደ።